ጋቢና የተቀመጡት የንፋስ ባላንጣ

የትኛውም ታክሲ ውስጥ ግቡ፤ አንድ መስኮት አዘጊ ቀድሟችሁ ተቀምጧል። ሚያዝያ ይሁን፣ ፀሐዩ አናት ይብሳ፣ ሰው በሰው ላይ ይደራረብ፣ እሱ ምን ገዶት። መስኮቱ ትንሽ ሸርተት ሲል ከኋላ ድምፅ ይመጣል፤ "ኧረ መስኮቱን!" ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶት አያውቅም፤ መጨረስም አያስፈልገውም። ሁላችንም ተሽቀዳድመን እንዘጋለን። ደግሞ በራሱ ስም ጠይቆ አያውቅም። "ሕፃን አለ እኮ!" ይላል። ሕፃን ከሌለ "አራስ አለች!" ይላል። አራስም ከታጣ ማንንም ሳይጠራ አንዴ ይስላል፤ ያቺ ሳል ከአዋጅ ትበልጣለች።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ፣ የመስኮት አዘጊዎች የበላይ ጠባቂ፣ የንፋስ ጉዳይ ባለሙሉ ሥልጣን፣ ክብርት እትዬ ማሪቱ አሉ። ክብርትነታቸው የሚኖሩት ቡራዩ፣ ከእህታቸው ልጅ ከቤተልሄም ጋር ነው። ድሮ ሱሉልታ ነበሩ። የሱሉልታ ንፋስ ሜዳውን ሲያቋርጥ የሚያቆመው ስለሌለ የሰው ቤት ሳያንኳኳ ይገባል። እትዬ ማሪቱ ከዚያ ንፋስ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ተዋግተው በመጨረሻ ሰላም ፍለጋ ወደ ቡራዩ ወረዱ። አላገኙም። ንፋስ ቡራዩም አለ።

"ንፋስ ሁለት ዓይነት ነው" ይላሉ፣ የሰማቸውንም ያልሰማቸውንም ይዘው። "ዛፍ የሚያወዛውዘው አለ፤ እሱ ባለጌ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ሌላው ግን ድምፅ የለውም። በቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ሰው የሚጨርስ እሱ ነው።" ስለዚህ የቤታቸው የቁልፍ ቀዳዳ ዘወትር በጥጥ እንደተወተፈ ነው። ቤተልሄም ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የፀጉር መርፌዋን ታወጣለች፣ ጥጡን ትጎለጉላለች፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የምታስገባው። ጎረቤቱ በር የምትሰብር ሌባ ናት ብሎ እንዳይጠረጥራት ለሁሉም አስረድታ ጨርሳለች።

ባጃጅ መስኮት የለውም። ይህ ሌላውን ሰው አያስጨንቀውም፤ እትዬ ማሪቱን ግን ያስጨንቃቸዋል። መሐል ይቀመጡና በግራና በቀኝ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ቀጭን ሰው ሲመጣ ቅር ይላቸዋል። ወፈር ያለ ሰው ሲመጣ ግን "ና ልጄ፣ ና ግባ፣ እግዜር ይባርክህ" ብለው በገዛ እጃቸው ስበው ያስገቡታል። ሰውዬው የአክብሮት መስሎት እስኪወርድ ድረስ ሲያመሰግናቸው ይሄዳል።

ባንክ የገቡ ቀን ደግሞ ከጣሪያው ላይ የሚዞረውን ቬንትሌተር ለረጅም ጊዜ አተኩረው አዩት። ከዚያ ጥበቃውን ጠሩና "ይኼ ነገር እንዲህ የሚዞረው ምን አጥፍተን ነው?" አሉት። ጥበቃው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወረፋቸው ሳይደርስ ቬንትሌተሩ ቆመ፤ ገንዘብ ከፋይዋ ወረቀት እያራገበች መሥራት ጀመረች፤ ክብርትነታቸውም "አየሽ፣ እንዲህ ሲሆን ነው ቤት የሚመስለው" ብለዋት ወጡ።

እንግዲህ የእኒህ ሴት የእህት ልጅ ኤሲ ያለው መኪና ገዛች።

ቤተልሄም መኪናውን የገዛችው ለቅንጦት አልነበረም። ኬክ ትሠራለች። ቢሮ ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስታመላልስ ኖራ አንድ ቀን "በቃኝ" ብላ ለቀቀችና የግቢውን ሰርቪስ ቤት ኬክ መሥሪያ አደረገችው። ከደንበኞቿ ሁሉ ትልቁ ሰበታ ያለ አንድ የሰርግ አዳራሽ ነው። ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ አዲስ አበባን በዳር በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ ኮልፌ፣ አየር ጤና፣ ዓለም ገና፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ከፊት የሙሽራ አጀብ፣ ከኋላ የሙሽራ አጀብ። በዚያ ሁሉ መንገድ ክሬም የሚያቆመው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ኤሲ ማለት ለቤተልሄም እንጀራዋ ነበር።

እትዬ ማሪቱ መኪናው የመጣ ቀን ዞር ዞር ብለው አዩት። ቤተልሄም በኩራት ኤሲውን ከፈተችላቸው። እጃቸውን ወደ ንፋስ መውጫው አስጠግተው ወዲያው መለሱት።

"ውጭ ያለው ንፋስ አነሰሽና ገዝተሽ አስገባሽ?" አሏት።

ሆኖም ከኬክ ጉዞ ቀርተው አያውቁም። ትልቁ ኬክ ከኋላ ወንበር ላይ ይደላደላል፤ ላይኛው ደርብ፣ አበባው ያለበት፣ ጋቢና በሚቀመጡት በእትዬ ማሪቱ ጭን ላይ ይሆናል። ክብርትነታቸው ንፋስ እንጂ ጉድጓድ አይፈሩም። መኪናው ሲዘል እሳቸው ኬኩን ይዘው አብረው ይዘላሉ፤ አንዲት የክሬም ቅጠል አትነቃነቅም። እንዲህ ያለ እጅ በደመወዝም አይገኝ።

ነገሩ የተበላሸው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰርጉ ሊጀመር፣ ሙቀቱም አብሮ ሊጀመር፣ ኤሲው ሰነፈ። ሲነሱ ደህና ይመስላል፤ ጥቂት እንደተሄደ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ የሚወጣው ነገር የበሽተኛ ትንፋሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሲያቆማቸው፣ ጽጌረዳዎቹ አንድ በአንድ ከኬኩ ጎን እየተንሸራተቱ ወረዱ። እትዬ ማሪቱ በጣታቸው ሊመልሷቸው ሞከሩ፤ ባሰባቸው።

የአዳራሹ ኃላፊ ሬሐና ኬኩን ዙሪያውን አየችው። ክፉ ሰው አይደለችም።

"ቤቲዬ" አለች፤ "እኔ እቀበልሽ ነበር። ካሜራው ነው የማይቀበልሽ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የሚመጣው ቅዳሜ ላሊሴ የምትባል ልጅ ትዳራለች፤ ዘመድ አዝማዱ ሰበታን የሚሞላ ነው። የእሷም ኬክ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እይዛለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

ቤተልሄም አልተቀየመችም፤ ፈራች። አዳራሹ ከሄደ የሚቀረው የልደት ኬክ ነው፤ በልደት ኬክ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም፤ ወደዚያ ደብዳቤ ማመላለስ መመለሷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኤሲ ስታስፈትሽ ሰነበተች፤ እትዬ ማሪቱም በየሄደችበት አብረዋት ሄዱ። በመንገዱ ሁሉ ዝም አሉ። ስለ መስኮት እንኳ አላነሱም። ቤተልሄም ይህን ዝምታ እንደ ሐዘኔታ ቆጥራው ልቧ ተነካ።

መጀመሪያ የሄዱት እዚያው ቡራዩ፣ ወንዲ ጋራዥ ነው። ወንዲ መኪናው ግቢ ሳይገባ ምርመራውን ጨርሷል።

"ጋዝ ነው ቤቲ። መቶ ፐርሰንት ጋዝ ነው።"

መለኪያውን ሰክቶ አየ። ጋዙ ሙሉ ነበር። ወንዲ መለኪያውን ተቀየመው፤ ነቅሎ በሱሪው ጠርጎ እንደገና ሰካው። አሁንም ሙሉ ነው።

"የንፋስ ማጣሪያው ፊልተርስ?" አለች ቤተልሄም።

"እሱንማ ጾሙ ሳይገባ ራሴ አጥቤ መለስኩት። እትዬም ጋቢና ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ነበር። አይደል እትዬ?"

"አይቻለሁ" አሉ እትዬ ማሪቱ፣ የግቢውን አጥር እያዩ።

ከዚያ ወደ ሱሉልታ ወጡ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ኦቦ ድሪባ እዚያ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። ሱሉልታ ላይ ኤሲ መፈተን ራሱ ትልቅ ቀልድ ነው፤ በሩ ሲከፈት ከውጭ የሚገባው ከማሽኑ ይበልጣል።

"አካም ጅርቱ፣ ማሪቱ!" አሉ ኦቦ ድሪባ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ንፋሱ ናፈቀሽ?"

"ፈያ፣ ገለተ ዋቃ" ብለው እትዬ ማሪቱ ሰላምታውን መለሱ። ከመኪናው ግን አልወረዱም።

ኦቦ ድሪባ ኮፈኑን ከፍተው ከራዲያተሩ ፊት የተለጠፈውን ጭቃና የሞተ ዝንብ ሁሉ በውኃ አጠቡት። ከዚያ ቤተልሄምን ጠርተው አንዱን ቧንቧ አስነኳት። እንደ በረዶ ነው።

"አየሽ ልጄ፣ ብርዱ አለ። የጠፋው ንፋሱ ነው። ፊልተሩ ታጥቧል?"

"ታጥቧል።"

"እንግዲያ ከእኔ በላይ ነው። ሰበታ አብዱረዛቅ ጋ ውሰጂው፤ እሱ ከኤሲ ሌላ ሥራ የለውም።"

አብዱረዛቅ እውነትም ከኤሲ ሌላ ሥራ የለውም፤ ችግሩ፣ ለኤሲ ሁሉ ያለው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት መኪናውን አስነሳ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሰጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ኮምፕሬሰር" አለ። "ሲሞቅ ይደክማል። ተፈትቶ ይወርዳል።"

"መቼ ይመለሳል?"

"ኢንሻአላህ ሰኞ።"

"ነገ እኮ ሰርግ አለብኝ!"

"መብሩክ" አለ አብዱረዛቅ፣ የራሷ መስሎት።

ቤተልሄም መሬት ላይ የተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ኤሲው ሳይሠራ ብትሄድ ክሬሙ ይቀልጣል፤ ሊሠራ ከገባ ደግሞ መኪናው የለም። የሰው መኪና ለመከራየት ስልኳን አወጣች፤ ለማን እንደምትደውል ጠፋትና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶዋም ሲጀመር ትንሽ ነበር፤ ቆይቶ ግን የሳምንቱን ሁሉ ጨምሮ መጣ።

አብዱረዛቅ መፍቻውን ይዞ ጎንበስ አለ።

"አንተ ልጅ" የሚል ድምፅ ከጋቢና መጣ። "መፍቻውን አስቀምጥ።"

እትዬ ማሪቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ። ወደ ማንም ሳያዩ ዞር ብለው ከጋቢናው ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ ከፈቱት። ጎንና ጎኑን ጨመቅ አድርገው ወደ ታች አወረዱት። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። አንዲት ክዳን ቀጭ አለች። ይህን ሁሉ ያደረጉት ዓይናቸውን ሳይጠቀሙ ነው፤ ወንዲ ራሱ እንዲያ አይፈጥንም። ከዚያ ፊልተሩን መዘው አወጡና አብዱረዛቅ እጅ ላይ አስቀመጡት።

ፊልተሩ ልብስ ለብሷል። በአራት የታጠፈ ነጠላ ዙሪያውን ሸፍኖታል፤ ልክ በልክ ተቆርጦ ዳር ዳሩ በመርፌ ተሰፍቷል። ጥለቱ ሳይቀር ወደ ፊት ወጥቶ አምሮበታል።

"ያ ረቢ!" አለ አብዱረዛቅ። "ይኼ ምንድን ነው እትዬ?"

"ነጠላ ነው። ምን ይመስልሃል?"

ቤተልሄም ተነሳች። ዕንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እቴቴ! እርስዎ ነዎት?"

"ልዘጋው አይደለም" አሉ እትዬ ማሪቱ። ድምፃቸው ግን እንደ ባንኩ ቀን አልነበረም። "ላጣራው ብዬ ነው። ብርዱ ያልፋል፤ ክፉው ይቀራል ብዬ።"

"መስኮት ያዘጋሉ፣ እሺ አልኩ። የቁልፉን ቀዳዳ ይወትፋሉ፣ እሺ አልኩ። ይኼ ግን እንጀራዬ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ስንከራተት አብረውኝ ተቀምጠው! ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ ታወጪዋለሽ።"

"አዎ፣ አወጣዋለሁ!"

"እኮ" አሉ እትዬ ማሪቱ።

አብዱረዛቅ ፊቱን ወደ ሌላ መኪና አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤተልሄም በጣም ተናደደች። ያ ነጠላ ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ ተሰፍቶ የገባው እሷ ሌላ ክፍል ክሬም ስትመታ መሆኑ ታያት፤ ንዴቷም ጨመረ። "ለራስዎ ብለው እኔን..." ብላ ልትቀጥል ስትል እትዬ ማሪቱ ቀና አሉ።

"ለራሴ? እኔማ ጋቢ አለኝ። ከፊትሽ ተቀምጦ የሚነፋው አንቺ ደረት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሱሉልታ ሳምባሽን ሲይዝሽ አንቺ ምን ታስታውሻለሽ? ሕፃን ነበርሽ። እናትሽ እጄ ላይ ጥላሽ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ትንፋሽሽ ሲያፏጭ የሰማሁት እኔ ነኝ። በዚያች በተሰበረች መስኮት ነው የገባብሽ። ካርቶን ለጥፌባት ነበር፤ አልበቃም። አሁን በገዛ ገንዘብሽ ያንኑ ገዝተሽ ደረትሽ ላይ ስትከፍቺው ዝም ብዬ ልይ?"

ቤተልሄም ካርቶኗን ታስታውሳለች፤ የብስኩት ካርቶን ነበረች፣ ላይዋ ላይ የሚስቅ ልጅ ነበረባት። ለምን እዚያ እንደተለጠፈች ግን እስከዚያች ሰዓት ጠይቃ አታውቅም። መናደዷን አልተወችም፤ ንዴቱ ግን የሚቀመጥበት ቦታ አጣ።

ፊልተሩ ያለ ነጠላው ገባ። ኤሲው ሲከፈት አብዱረዛቅ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ነጠላውን ለእትዬ ማሪቱ አጥፎ ሰጣቸው፤ እሳቸውም አንድ ልጁ ፈተና እንደወደቀበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተልሄም ኬኩን ስትጭን እትዬ ማሪቱን በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ፣ በጆሯቸው ጥጥ።

"እቴቴ፣ ዛሬ ይቅሩ። ሙሉ ነው የምከፍተው፤ ያምዎታል። የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው አንድ ጥሪልኝ።"

ቤተልሄም አሰበች፤ አላገኘችም። እትዬ ማሪቱ ጋቢና ገቡና ላይኛውን ደርብ ጭናቸው ላይ ተቀበሉ። ነጫጭ ጽጌረዳዎቹ ልክ ከንፋስ መውጫው ፊት ተደረደሩ። ቤተልሄም ማብሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ንፋሱ ወጣ፤ የእትዬ ማሪቱ ሻሽ ጫፍ ተነስቶ ወደ ኋላ በረረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው በጸጥታ ይነቃነቅ ነበር። ለማን እንደሚጸልዩ ቤተልሄም አልጠየቀችም።

ኮልፌን አለፉ። አየር ጤናን አለፉ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ እንደ ልማዱ ቆመ። ከፊታቸው ሲሚንቶ የጫነ መኪና፣ ከጎናቸው በአበባ ያጌጠ የሙሽራ መኪና፣ ከላይ ያ ፀሐይ። ቤተልሄም ወደ ጎን ስታይ የአክስቷ አፍንጫ ቀልቷል፣ ዓይናቸው ዕንባ አዝሏል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። እጃቸው ግን የኬኩን ሰሌዳ ይዞ እንደ ድንጋይ ጸንቷል።

"ትንሽ ላጥፋው?" አለች፤ ልቧ አልቻለም።

"አብደሻል? ይቺን አበባ አታያትም? ሊያልባት ነው። ጨምሪው።"

"መጨረሻው ላይ ነው እቴቴ።"

እትዬ ማሪቱ አንድ እጃቸውን ለቀው በሹፌሯ በኩል ያለውን የንፋስ መውጫ ወደ ኬኩ አዞሩት። "በዚያውም ካንቺ ደረት ይዞርልኛል" አሉ። ከዚያ ኬኩን ቀረብ ብለው አዩት፤ ጋቢያቸው ሰሌዳውን ነክቶታል። ግንባራቸው ተቋጠረ። "ይኼ ጋቢ እኮ ያሞቀዋል" አሉና ከላያቸው ገፈው ከኋላ ጣሉት። ቀጥሎ ካፖርቱን። ሁለቱም መውጫ ደረታቸው ላይ እየነፋ፣ በሹራብ ብቻ፣ ሰበታ እስኪደርሱ ድረስ አበባዎቹን አንድ በአንድ እያዩ ተቀመጡ።

ሬሐና በአዳራሹ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ላይኛው ደርብ ሲቀመጥ የስልኳን መብራት አብርታ ከጽጌረዳ ወደ ጽጌረዳ ተመለከተች። አንዷም አልወረደችም።

"ማሻአላህ" አለች። ከዚያ ወደ ቤተልሄም ዞረች። "የሚመጣው ቅዳሜም ያንቺ ነው። ስለ ግንቦቱም ሰርግ ሁሉ እንነጋገራለን።"

ቤተልሄም አቅፋ ሳመቻት። የደስታውን ወሬ ለአክስቷ ልትነግር ስትወጣ እትዬ ማሪቱን በግቢው ፀሐይ ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው፣ የሙሽሪትን አጎቶች በር ዝጉ እያሉ ሲያዝዙ አገኘቻቸው።

ሲመለሱ ቤተልሄም ኤሲውን አጠፋችው። አራቱንም መስኮት አንድ በአንድ ዘጋች። ጋቢውን ከኋላ አንስታ እስከ አገጫቸው ሳበችላቸው። መኪናው የዳቦ ምድጃ ሆነ። እትዬ ማሪቱ አየር ጤና ሳይደርሱ ከንፈራቸው ወደ መልኩ ተመለሰ። ቤተልሄም ላቧ ከግንባሯ ወደ ቅንድቧ፣ ከቅንድቧ ወደ ዓይኗ ይወርዳል፤ በክንዷ እየጠረገች ትነዳለች። እንዲህ ደስ ብሏት የነዳችበትን ቀን አታስታውስም።

ኮልፌ ላይ እትዬ ማሪቱ ዞር ብለው አዩዋት።

"ታፍነሻል እኮ ልጄ" አሉ። ቀጥሎ የመጣውን ቃል በሕይወታቸው ብለውት አያውቁም። "መስኮቱን ትንሽ ክፈቺው።"

ቤተልሄም መሪውን ይዛ ሳቀች።

"አይሆንም እቴቴ" አለች። "ላብ ላይ ነኝ፤ ንፋስ ይመታኛል።"